«ፈጣሪ አላችሁ» ብሎ መሄድ ይቁም

በሐይቅ ከተማ ቱርክ ካምፕ በሚባለው መጠለያ የከረሙ ተፈናቃዮች በእግዚአብሔር መታመንን ከማንም አይማሩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በየመጠለያው ሊጎበኝ የሚሄደው ብዙው ሰው ከስንቅ ይልቅ ስብከት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ባለሥልጣኑ ይመጣል፣ ባለካሜራው ይመጣል፣ የኮሚቴው ሰው ይመጣል። ተሰብሰቡ ይባላሉ፤ ይሰበሰባሉ። ስለ ሰላም ይነገራቸዋል፣ ስለ ትዕግሥት ይነገራቸዋል፣ በመጨረሻ «ፈጣሪ አላችሁ፣ አይዟችሁ» ይባሉና መኪናው ይነሣል።

እኔ አማኝ ነኝ። ያደግሁት ሐይቁ ዳር ነው። እናቴ የዳዊትን 90ኛ መዝሙር ሳትደግም ከደጇ አትወጣም፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የሱብሒን ሶላት ሰግደው፣ ዱዓ አድርገው ነው ለሥራ የሚነሡት። እግዚአብሔር የሰው መጠጊያ መሆኑን ተጠራጥሬ አላውቅም። የተቆጣሁትም በዚሁ እምነቴ ነው። የአምላክን ጥበቃ ከራሱ ግዴታ ማምለጫ የሚያደርግ ሰው ስሙን በከንቱ እየጠራ ነው። ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱን እየጣሰ አጽናናሁ እንዳይል።

ደግሞ እነማንን ነው የምናስተምረው? አብዛኞቹ የወለጋ ተፈናቃዮች ናቸው፤ ብዙዎቹም የወሎ ሰዎች ልጆች። በ1977ቱ ረሃብ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በአውቶቡስና በአንቶኖቭ እየጫነ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ሲያሰፍር ትልቁን ቁጥር የያዘው ወሎ ነበር። ገሚሱ ወድዶ ሄደ፣ ገሚሱ ተገድዶ። ወንድም ከወንድም ተለየ። የሄዱት በማያውቁት አገር ጫካ መንጥረው፣ ወባውን ችለው፣ ልጅ ወልደው ኖሩ። ከዚያ ያሳለፍናቸውን ዓመታት ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ የሆነው ጭፍጨፋ ብቻ ይበቃል፤ በዚያው ወር መንግሥት ራሱ ማንነታቸውን የለየኋቸው ሟቾች 338 ናቸው አለ። ሕፃናትና እናቶች ነበሩባቸው። አባት ከረሃብ ሸሽቶ በወጣበት መንገድ ልጅ ከጥይት ሸሽቶ ተመለሰ። የጠበቀውም ሸራ ነው።

አንዲት ተፈናቃይ እናት በአንድ መጠለያ ውስጥ ያለችኝን አልረሳውም። ፈጣሪ እንዳልተዋት ታውቃለች፤ በሕይወት የደረሰችውም በእሱ ነው። የተዋት ስሟን መዝገብ ላይ ጽፎ የሄደው ሰውዬ ነው። እሷ ሁለቱን አላምታታችም። የምናምታታው እኛ ነን፤ አምታተንም እንጠቀምበታለን።

በዚያ በ90ኛው መዝሙር ላይ ጥቂት ልቆይ። በእኛ አገር ይህ መዝሙር በቃል ይያዛል፣ በክታብ ተጽፎ አንገት ላይ ይታሰራል፣ በዘማች ኪስ ይገባል። ስለ ወጥመድ፣ ስለ ፍላጻ፣ ስለ ቸነፈር ያወሳል፤ ሰው በጨነቀው ሌሊት የሚይዘው ነው። በወንጌል ግን ይህን መዝሙር ለክርክር ያነሣው ማን እንደሆነ አንርሳ። ዲያብሎስ ነው። ማቴዎስም ሉቃስም በአራተኛው ምዕራፋቸው ጽፈውታል። ጌታን ከቤተ መቅደስ ጫፍ አቆመውና፣ መላእክት እንዲጠብቁህ ታዝዘው የለም ወይ፣ እንግዲያው ራስህን ወርውር አለው። ጌታም አልዘለለም፤ አምላክን መፈታተን ነው ብሎ እምቢ አለ። እንግዲህ ዛሬ ለተፈናቃዩ «እግዚአብሔር ይጠብቅሃል፣ ወደ መጣህበት ተመለስ» የሚለው ሰው በዚያ ከፍታ ላይ የማንን ቃል እየተናገረ እንደሆነ ያስብበት። እሱ ራሱ አይዘልም። ልጆቹም አይዘሉም። ዝለል የሚባለው ሁልጊዜ ሌላው ነው።

ነገሩ የምናብ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በአማራ ክልል መጠለያዎች የነበሩ ተፈናቃዮችን ወደ ወለጋ የመመለስ ሥራ ተጀመረ። አካባቢው ሰላም ሆኗል ተባለ። ከተመለሱት መካከል ግን ጥይቱ እዚያው ጠብቋቸው እንደገና ሸሽተው የመጡ ነበሩ። ሰው ወደ ቤቱ መመለሱን የሚጠላ የለም፤ ተፈናቃዩ ራሱ ሌት ተቀን የሚያልመው እሱን ነው። ግን ማን ይጠብቀዋል? በስንት ሰው? በማን ትእዛዝ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲጠፋ «እግዚአብሔር ያውቃል» ይባላል። እግዚአብሔርማ ያውቃል። የተጠየቅኸው አንተ ነህ።

ሕግም አለ። ኢትዮጵያ የአገር ውስጥ ተፈናቃዮችን የሚመለከተውን የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስምምነቱ ተፈናቃይን የመጠበቅና የመርዳት ቀዳሚ ግዴታ የመንግሥት ነው ይላል፤ መመለስም በፈቃድ፣ በደኅንነትና በክብር እንዲሆን ያዝዛል። ይህን የፈረመ መንግሥት በሸራ ሥር ወዳሉት ሰዎች ሄዶ ስለ ትዕግሥት መስበክ አይገባውም። ስብከቱን ለቄሱና ለሼኹ ይተውላቸውና እሱ ስንዴውን ያምጣ። ስንዴውስ? ሰኔ 2015 ላይ የአሜሪካው ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታው ከተረጂው እየተነጠቀ ሌላ ቦታ ይውላል ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቋረጡ፤ እንደገና እስኪጀመር ወራት አለፉ። የሰረቀው ሌላ፣ የተራበው ሌላ! ከተፈናቃይ አፍ ነጥቆ የሸጠው ሰውም እሑድ ከቅዳሴ ወይም ዓርብ ከጁምዓ ቀርቶ አያውቅ ይሆናል። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ምእመናኑ ልዙር፤ እኛም ንጹሕ አይደለንም።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ውጫሌንና ሐይቅን አልፈው ደሴና ኮምቦልቻ ሲገቡ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ በእግሩ ጎረፈ። የቀረውም ቤቱን ዘግቶ ጸለየ። ደሴና ኮምቦልቻ ነጻ የወጡት ኅዳር 27 ቀን ነው፤ የሐይቅ ገዳም ጻድቅ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ደግሞ ኅዳር 26። የሐይቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሰውነቱን ይወርረዋል፤ እኔንም ወረረኝ፤ አመሰገንኩም። ነገር ግን ይህን መገጣጠም ይዘን «ጻድቁ ጠበቁን» ብለን በአደባባይ ስንመሰክር፣ ከኅዳር 26 በፊት ልጇን የቀበረች እናት አጠገባችን ቆማለች። ምን እንድትሰማ ነው የምንፈልገው? የእሷን ልጅ አልጠበቁትም? ጸሎቷ ከእኛ ጸሎት አነሰ? ከአንድ ዓመት በፊትም ኅዳር 19 ቀን 2013 ዓ.ም. በአክሱም የኤርትራ ወታደሮች ሰላማዊ ሰው ሲጨፈጭፉ የጽዮን በዓል ሊደርስ የቀረው ሁለት ቀን ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከ100 በላይ ሟቾች አረጋግጧል፤ ሌሎች ተቋማት ቁጥሩን በመቶዎች ያደርሱታል። በዚያው ጦርነት ጥንታዊው የነጃሺ መስጊድ በከባድ መሣሪያ ተመታ። እነዚያ የአክሱም ሰዎች፣ እነዚያ የነጃሺ ሰዎች እምነት ጎድሏቸው ነበር የሚል አፍ ያለው ማን ነው?

የሐይቁ ገዳማችን የተሰየመው በእስጢፋኖስ ስም ነው። እስጢፋኖስ ማን ነው? ከድንጋይ ያመለጠ ሰው ነው? አይደለም፤ በድንጋይ ተወግሮ የሞተ ቀዳሜ ሰማዕት ነው። በዚህ ውኃ ዳር ለብዙ መቶ ዓመታት የምንጠራው የተገደለን ሰው ስም ነው፤ እምነታችን «ምንም አይነካችሁም» የሚል ውል ቢሆን ኖሮ ይህን ስም ባልመረጥን ነበር። ስንክሳሩም በየዕለቱ የሚያነብልን እየታመኑ የተሰየፉ፣ እየታመኑ የተቃጠሉ፣ እየታመኑ ወደ ባሕር የተጣሉ ሰዎችን ገድል ነው። በአምላክ የተጠጋ ሰው ሊገደል ይችላል፤ ከአምላኩ እጅ ግን አይወጣም፤ ገዳዩም ከፍርዱ አያመልጥም። ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችኝ ይህንን ነው። በቴሌቪዥን ቀርቦ «ይህን ዘይት የተቀባ ጥይት አይነካውም፣ ይህን ውኃ የረጨ ቤቱ አይዘረፍም» እያለ የሚሸጠውን ሰው ከየት እንዳመጣነው አላውቅም፤ ከእስጢፋኖስ ደጅ ግን አልወጣም። በእስጢፋኖስ ታሪክ ውስጥ ሌላም ሰው አለ፤ ድንጋይ ሳይወረውር የወጋሪዎቹን ልብስ የጠበቀው ሳውል። ለዳር ተመልካች የቀረች ቦታ ያቺ ናት።

የሐይቅ ታሪክ ራሱ ለሰነፍ መታመን ምስክር አይሆንም። ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከደብረ ዳሞ ተነሥተው እዚህ ሲደርሱ ያደረጉት ምንድን ነው? ትምህርት ቤት አቆሙ። መጻሕፍት ሰበሰቡ፣ አስጻፉ፤ ለገዳሙ ያስጻፉት ወንጌል ሥዕላቸውን ይዞ እስከ ዘመናችን ደርሷል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ ተምረው ወጡ። እንደ ትውፊቱ ይኩኖ አምላክም ከመንገሡ በፊት የተጠጋው እዚህ ነው። የገዳሙ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ትልቅ ድምፅ የነበረው ሰው ሆነ። በውኃ የተከበበ ስፍራ ያዙ፤ ውኃውንም ተጠቀሙበት፣ ጸሎቱንም አላቋረጡም፤ አንዱ ሌላውን አልሻረም። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ኢማም አሕመድ ጦሩን ይዞ ሐይቁ ዳር ሲደርስ መነኮሳቱ ያደረጉትን የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ጽፎታል። ኢማሙ ታንኳ እያሠራ ሳለ ወርቁንና ንዋዩን አስረክበው ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠል ተደራደሩ። እምነት አነሳቸው? ወርቅ ሰጥተው ሰውንና ደብርን አዳኑ! ዛሬ ስንቱ ነው ወርቁን ይዞ ሰውን የሚያስረክበው?

ከሐይቅ ወደ አምባሰል ቀና ስንል ግሸን አለች። መስከረም 21 ቀን ከመላ ኢትዮጵያ፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ጭምር ሰው ይመጣል፤ መስቀለኛውን አምባ በላብ ይወጣል። ግማደ መስቀሉ ያረፈበት፣ ቃል ኪዳን የተነገረለት ስፍራ ነውና የሚወጣው ሊጠጋ ነው። የዚያን ሕዝብ እንባ አይቼዋለሁ፤ አልነካውም። ነገር ግን ያው አምባ ረጅም ዘመን የነገሥታት ልጆች እስር ቤት ነበር። ለመንግሥቱ ደኅንነት እየተባለ ወንድም ወንድሙን እዚያ ዘጋበት። ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ ከዚያ እስር ወርዶ ነው የነገሠው፤ ግማደ መስቀሉንም ያስቀመጠው እዚያው ነው ይባላል። አንድ አምባ ለአንዱ መጠጊያ፣ ለሌላው ወህኒ ሆኗል፤ ልዩነቱ በሩን የያዘው ሰው ሐሳብ ነው። መጠለያ የምንላቸው ቦታዎችም ለጥቂት ሳምንት ተሠርተው ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብባቸው፣ ልጆች ያለ ትምህርት ሲያድጉባቸው፣ ጎልማሳው እርሻም ሥራም ሳይኖረው ሲውልባቸው ወደ ሁለተኛው እያዘነበሉ ነው።

ይህ የክርስቲያን ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል፤ ሐይቅ ያለችበት የተሁለደሬ ወረዳም አምባሰልም አብላጫው ሕዝባቸው ሙስሊም ነው። የወሎ ወዳጃ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ መንዙማው ይባላል፤ ከዚያ ለታመመው፣ ለታሠረው፣ ዝናብ ለራቀው አገር ዱዓ ይደረጋል፤ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ «አሚን» ይላል። ክርስቲያኑም መጥቶ ይቀመጣል። ግን ወዳጃ ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው የለም። ቡና ያለው ቡና፣ ዱቄት ያለው ዱቄት፣ በግ ያለው በግ ይዞ ነው። ዱዓውና ስጦታው አንድ ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጡት። ነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦቻቸውን በ615 እ.ኤ.አ. ወደ ሐበሻ ሲልኩም ከአላህ ጥበቃ እያወጧቸው አልነበረም፤ ሰው የማይበደልበት ንጉሥ አገር መርጠው ላኩ። ንጉሡም አሳልፎ አልሰጠም። ይህን ታሪክ በየመድረኩ የምንመካበት ሕዝብ ነን። እንግዲያው ከባሕር ማዶ የመጣን እንግዳ ያስጠጋ አገር የገዛ ልጁን፣ የአምባሰልን የልጅ ልጅ፣ በሸራ ሥር ትቶ ምን ይመካል?

የሚዘባበቱብን ደግሞ አሉ። «ያ ሁሉ ጸሎት የት ደረሰ? ቶሌ ላይ ፈጣሪያችሁ የት ነበር?» ይላሉ። ለእነዚህ ትዕግሥት የለኝም። ይህን ጥያቄ የመጠየቅ መብት ያለው ቶሌ ላይ ልጁን ያጣ ሰው ነው። እሱ ይጠይቅ፤ ዳዊትም ጠይቋል፤ መዝሙሩ በልቅሶና በ«እስከ መቼ» የተሞላ ነው፤ እግዚአብሔርም ጥያቄውን ከመጽሐፉ አላስወጣም። በካፌ ተቀምጦ የሌላውን ሐዘን ለክርክር የሚያነሣ ሰው ግን፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ መኪናውን ካስነሣው ባለሥልጣን ጋር አንድ ነው። ሁለቱም ስለ ሟቹ ምንም አልጠየቁም፣ ለተረፈውም ምንም አላመጡም።

ከሁሉ ይልቅ የምጠብቀው ከአባቶች ነው፤ የቤተ ክርስቲያንም የመስጊድም። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት የተናገሩትን አስታውሱ። እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ ብዙ ሰው «መድኃኒቱን ከወሰድሁ እምነቴ ጎደለ ማለት ነው» ብሎ ክኒኑን ጥሎ ይሞት ነበር። ፓትርያርኩ ጠበሉም መድኃኒቱም አይጣሉም፣ ሁለቱም አብረው ይወሰዱ አሉ። ያቺ ቃል ስንት ነፍስ እንዳተረፈች ቆጥሮ የጨረሰ የለም። አሁንም እንደዚያ ያለ ቃል እንፈልጋለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብ በኹጥባ፣ ይህ ይነገር፤ ተፈናቃይን ያለ ጠባቂ ወደ ጥይት መመለስ በአምላክ መታመን አይደለም፣ አምላክን መፈታተን ነው፤ የእርዳታ እህል መስረቅ ቤተ መቅደስ ከመዝረፍ አያንስም፤ ለጉልላትና ለሚናራ ገንዘብ የሚሰበስብ ኮሚቴ ሁሉ ከሰበሰበው ውስጥ ለመጠለያው ድርሻ ይቁረጥ። ለጣሪያ እድሳት መዋጮ የሚጠይቀኝ ሰው በመጣ ቁጥር ስለ ሸራው እጠይቀዋለሁ። ቅር ይበለው።

ቅሬዎቻችንም አሉ። በወሎ ቅሬ የሌለው ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ የምናውቅ እኛ ነን፤ ሲሞት የሚሸከመው፣ ሲያዝን ድንኳን የሚተክልለት የሌለው ሰው ማለት ነው። ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ መቃብር የሚቆፍርበት ማኅበር ነው፤ ሃይማኖት ያልከለከለውን የመዋጮ ደብተር አይከልክለው። የሐይቅና የውጫሌ ቅሬዎች በአቅራቢያቸው ያለውን ተፈናቃይ ያለ መግቢያ ክፍያ ይመዝግቡ። ይህ የመንግሥት በጀት አይፈልግም፤ የቅሬ ዳኛው አንድ እሑድ ይበቃዋል። በጥቅምት 2014 እኛም ተፈናቃይ ነበርን፤ ቤቱን የከፈተልንን ሰው ስም እስከ ዛሬ እንጠራለን።

መስከረም 21 ለግሸን የምትመጡ ምእመናን፣ ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙዎቻችሁም እስጢፋኖስን ሳትሳለሙ አትመለሱም። ለስለት ካመጣችሁት ጥላና መጋረጃ ጎን አንድ ኩንታል ዱቄት ጫኑ፤ አስረክባችሁም የተረከበውን ሰው ስም ጠይቁ። መጠለያዎቹን የምታስተዳድሩ ባለሥልጣናት ሆይ፣ ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ወረቀት ነው። በየመጠለያው በር ላይ ለጥፉት። በዚህ ወር ለስንት ሰው፣ ስንት ኪሎ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ ይጻፍበት፤ ቀኑ ካለፈም ለምን እንዳለፈ፣ ማን እንዳስቀረው ይጨመርበት። ከሥሩ ፈርሙ፣ ማኅተም አድርጉበት፤ ስማችሁንም በግልጽ ጻፉ።